ገመዱን የያዘችው እሷ ነበረች

«ውሻ እኮ ነው!»

እትዬ መርፌን ፍርድ ቤት ያቆማት ይህ ቃል ነው። የተናገረው የዳቦ ቤት መኪና ሹፌር ነው። ከመኪናው ወርዶ መጀመሪያ የፊት መብራቱን አየ። ቀጥሎ ጎማው ሥር የወደቀውን አየ። በመጨረሻ ሴትዮዋን አየ። በዚህ ቅደም ተከተል። ከዚያም «ክላክስ አድርጌያለሁ እኮ! ደንቆሮ ነሽ እንዴ?» አላት።

«አዎ» አለችው። «ደንቆሮ ነኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ይል ነበር። እሱ ግን «ውሻ እኮ ነው!» ብሎ በሩን ወርውሮ ዘጋና ሄደ። ዳቦው እንዳይቀዘቅዝበት!

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለነበር መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ይህን የነገረችን ራሷ ናት። ጆሮዋ ባይሰማም ከንፈር ታነባለች፤ ወደ እሷ ዞሮ ከተናገረ ሰው አንዲት ቃል አታመልጣትም። እኛ ጎረቤቶቿ ስንደርስ መኪናው የለም። እሷ ለደንበኛ ልታደርሰው በያዘችው አዲስ ኮት ውሻውን ጠቅልላ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ተቀምጣለች። ኮቱ የሰው ነው። እትዬ መርፌ የሰው ልብስ ላይ የሻይ ጠብታ እንኳ አሳርፋ አታውቅም። ያንን ኮት ሳይ ነገሩ በቀላሉ እንደማይበርድ ገባኝ።

እትዬ መርፌ ያሏት የሰፈር ልጆች ናቸው። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ያለች ናት፣ ስትናገርም ትወጋለች። ወጣትነቷን የበላው የሽመና ፋብሪካ ነው። በዚያ ዘመን ለሠራተኛ ጆሮ የሚያስብ ስላልነበረ ሴቶቹ ከመሬት ጥጥ እያነሱ ጆሯቸውን ይወትፉ ነበር። አንድ ቀን ጥጡን ሳታወጣ ረስታ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል የበር ዘበኛው ያዛትና «የድርጅት ንብረት ነው» ብሎ ከጆሮዋ አስወጥቶ አስመለሳት። ይህን ስትናገር እንደ ቀልድ ነው የምትናገረው። እኔ ግን አንድም ቀን ስቄ አላውቅም። ጥጡን ቆጥረው ተቀበሏት፤ ጆሮዋን ግን የቆጠረው የለም። መስማት ስታቆም «ለሥራው አትመቺም» ብለው አሰናበቷት።

ባሏ ያኔ በሕይወት ነበር፤ የድሮ የልብስ ስፌት ማሽን ገዝቶ አመጣላት። መንገድ ዳር ባለችው ክፍሏ ውስጥ ከአሮጌ በር የተሠራ መቁረጫ ጠረጴዛ አላት፤ ካውያው፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ጆንያው፣ በምስማር የተንጠለጠሉት መቀሶች ሁሉ ቦታ ቦታ አላቸው። ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ መስታወት ሰቅላለች፤ ከኋላዋ የሚገባውን ሰው እንድታይበት። ግን የሚሰፋ ሰው ዓይኑ መርፌው ላይ እንጂ መስታወት ላይ አይውልም። ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይደክመዋል። አንዱማ ገብቶ ሁለት ሱሪ በትከሻው ጣል አድርጎ ወጥቷል፤ እሷ እያዘመዘመች።

ባሏ ከሞተ በኋላ ነው ደወል የመጣው። መጣ ማለት ይከብዳል። አንድ ጠዋት የቁርጥራጭ ጆንያውን ስትከፍት ውስጡ ተኝቶ አገኘችው፤ ዓይኑ በቅጡ ያልተገለጠ፣ ቀለሙም የማያምር ቡችላ ነበር። ማን አስተማረው እንዳትሉኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ሰው በሩን ሲረግጥ ተነስቶ ጉልበቷን በእግሩ መታ የሚያደርግ ሆነ። ሁልጊዜ ግራ ጉልበቷን ነው። በቀኝ እግሯ ማሽኑን ትረግጣለቻ! ብረት ምጣዱ ሲያር ይነግራታል፣ የውሃ ቧንቧ ክፍት ረስታ ስትቀመጥ ይነግራታል። የቤት ኪራይ ሰብሳቢው ሲመጣ ግን እንቅልፍ እንደያዘው ይተኛል ብለን እንስቅ ነበር። ስሙንም ደወል አለችው።

ጠዋት ጠዋት ጨርቅ ስትቆርጥ ለብቻው ወጥቶ ሰፈሩን ዞሮ ይመለሳል። ከእሷ ጋር ሲወጣ ግን ጨዋታ የለም፤ ገመዱ የግራ እጇ አንጓ ላይ ይጠመጠማል፣ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይቀመጣል፣ መኪና ሲያልፍ ይነሳል። በሬን ከፍቼ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ ደስ የሚለኝ እነዚህ ሁለቱ መንገድ ሲሻገሩ ነበር።

ያ መንገድ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው። እትዬ መርፌ መኪና የሚመጣበትን ወገን አይታ ተሻገረች። የዳቦው መኪና የመጣው ከሌላው ወገን ነው፤ ዙሪያውን ላለመዞር በየቀኑ ምልክቱን ጥሶ ይገባል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል። የዚህ ጅብ ችኮላ ግን የነከሰው የሰው ጆሮ ነው። ደወል በዚያ በኩል ነበር።

በማግስቱ ትራፊክ ፖሊስ ጋ አብሬያት ሄድኩ። ፖሊሱ «ሰው ተጎድቷል?» አለ። አልተጎዳም አልነው። «እግዜር ይመስገን ነው እንግዲህ» ብሎ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሥጋ ሻጩ መኪናው በተከለከለው በኩል ሲገባ ከሱቁ አይቶ ነበርና እሱ መሰከረ፤ ሹፌሩም አልካደም፤ ተቀጣ። የውሻውስ ነገር ስንለው ፖሊሱ ትከሻውን ሰበቀ። «እሱ የፍርድ ቤት ነው። ውሻን የሚመለከት የኔ ሥራ የለም።»

ጎረቤቱ በምክር ተረባረበ። «ከነገሩ ጦም እደሩ» ያላት አለ። «ሌላ ቡችላ አይጠፋም» ያላት አለ። አልሰማ ስትላቸው «እትዬ ደግሞ ስትፈልግ ነው የምትደነቁረው» ብለው ሳቁ። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ የሚቀናው ሰው ቁጥሩ ብዙ ነው።

ጠበቃ አገኘን። እትዬ መርፌ ልብሷን የምትሰፋላት ወጣት ሴት ናት፤ ቢሮዋ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ካለ ፎቶ ቤት በላይ ነው። ፊቷን ወደ እትዬ መርፌ አድርጋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«በሕግ ዓይን ውሻ ንብረት ነው፤ እንደ ማሽንዎ፣ እንደ ወንበርዎ። ሰውዬው ሆን ብሎ ገጭቶት ከሆነ ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ይከሰዋል። ሆን ብሎ ነው?»

«አይደለም። ሆን ብሎማ ቢሆን መኖሬን አይቷል ማለት ነው።»

ጠበቃዋ ቀጠለች። «በተከለከለ መንገድ ለገባበት ተቀጥቷል፤ ቅጣቱ ግን የመንግሥት እንጂ የእርስዎ አይደለም። የቀረው የካሣ ክስ ነው፤ በሹፌሩም፣ በመኪናው ባለቤትም ላይ። ካሣው የውሻው ዋጋ ነው። ለንብረት ሐዘን አይቆጠርም። ካልሆነም ከሰዎቹ ጋር ተስማምቶ መዝጋት ይቻላል።»

«ዳኛው ይቅርታ ጠይቅ ብሎ ያዘዋል?»

«አያዘውም።»

«ታዲያ ዳኛ ምን ይሠራል?»

«ካሣ ከመወሰኑ በፊት ጥፋቱ የማን እንደሆነ መወሰን አለበት። ያንን በችሎት ያነበዋል።»

እትዬ መርፌ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው። «ለሱ ነው የምከሰው! ጥፋቱ የሱ ነው ተብሎ ሰው ፊት ይነበብ። ሌላ አልፈልግም።»

እኔ ማንበብ የተማርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ሲነገር ነፋስ የሚወስደው ቃል ተጽፎ ሲነበብ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስለዚህ ልክ ነሽ አልኳት።

«እንግዲያው» አለች ጠበቃዋ፣ «ሁለት ነገር እናስረዳለን። ውሻው የእርስዎ መሆኑን፣ ሲገጭም ገመዱ በእጅዎ እንደነበር። የእርስዎ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ይገኛል?»

«እሱማ ምን ያስቸግራል! ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

ክሱ እንደተሰማ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ራሱ መጣ። በአንድ እጁ ትኩስ ዳቦ የሞላ ፌስታል፣ በሌላው ካርቶን ይዟል፤ ካርቶኑ ውስጥ ነጭ ቡችላ አለ።

«እትዬ፣ ይኸው፤ ከዚያኛው በጣም ያማረ ዘር ነው» አላት። «ይሄን ያዢና ነገሩን እንርሳው።»

ካርቶኑን አየች፣ ሰውየውን አየች። «ባሌ ሲሞት ለምን አልመጣህም?»

«እ?»

«ባሌ ሲሞት። ያኔም ካርቶን ይዘህ ብትመጣልኝ ደግ ነበር። ካንተ ቁመት ትንሽ የሚበልጥ እመርጥ ነበር።»

በር ላይ የቆምነው ሁሉ ሳቅን። ሰውየው ፊቱ ደም መሰለ። ዳቦውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሊሄድ ሲል ፌስታሉን አንስታ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ቡችላው ይራበዋል» አለችው።

ሰውየው የሄደው ጠበቃ ሊቀጥር ነው። መልሳቸው ሲመጣ ደሜ ፈላ። ውሻው ባለቤት የሌለው ነው፣ ገመድ አልነበረውም፣ ድንገት ዘሎ ገባ፤ ደግሞም የመኪናውን መብራት ስለሰበረ እትዬ መርፌ መብራቱን ትክፈል! ገድለው ሲያበቁ ተጎዳን አሉ።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው፤ አግዳሚው ይንቋቋል፣ መስኮቱ አይዘጋም። እትዬ መርፌ ከጎኔ ተቀመጠች። ሹክ ያለች ሲመስላት የምትጮህ መሆኗን ረስቼው ነበር።

«ጋሼ! የዳኛው ካባ ጠርዙ ተተርትሯል! ማን ነው የሰፋው?»

ዳኛው ጎንበስ ብለው ጠርዛቸውን አዩ፤ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

የመጀመሪያው ምስክር ሥጋ ሻጩ ነበር። መኪናው በየት በኩል እንደገባ እንደ ሰው ተናገረ። ከዚያ የዳቦ ቤቱ ጠበቃ ተነሳ፤ ለስላሳ ሰው ነው፣ ፈገግታው አይጠፋም።

«ውሻውን በደንብ ያውቁት ነበር?»

«ማወቅ ብቻ!» ሥጋ ሻጩ ደረቱን ነፋ። «ውሻችን እኮ ነው! በኔ አጥንት ነው ያደገው። ከልጆቼ ለይቼ አላየውም!»

«እናመሰግናለን» አለ ጠበቃው።

ሁለተኛዋ ሻይ ሻጯ ነበረች። ከሥጋ ሻጩ ላለማነስ እንባዋን አስቀደመች። «ጠዋት ሱቄን ስከፍት የሚጠብቀኝ እሱ ነው። የሁላችን ልጅ ነበር፣ ጌታዬ። ሁላችንም ነን ያሳደግነው!» የትምህርት ቤቱ ዘበኛም ተከተለ። «ሌባ ሲመጣ የሚጮኸው ከኔ ጋር ነው። እኔ ነኝ የማውቀው፤ የኔ የሥራ ባልደረባ ነበር!»

እንዳይናገሩ አፋቸውን በእጄ ልይዘው ምንም አልቀረኝም። እነዚህ ሰዎች እትዬ መርፌን ሊረዱ ነው የመጡት። ግን የሰፈራችን ሰው ጠባዩ ይህ ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚያዝነው ሐዘኑን ከእጁ ነጥቆ ነው። ማን አብልጦ እንደሚወደው ሲሽቀዳደሙ ውሻውን ከባለቤቱ ነጠቁት።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አለ ጠበቃው፣ «ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህ ውሻ ያልበላበት ቤት የለም። ሦስት ምስክር፣ ሦስት ባለቤት። ከሳሿ በየትኛው መብታቸው ነው የቆሙት?»

እትዬ መርፌ ምስክሮቹን ከኋላቸው ስለምታያቸው ያሉትን አላነበበችም። ክንዴን ያዘችኝ። «ምን አሉ? ጋሼ! የኔ ነው አሉ አይደል?»

ፊቴን አዙሬ፣ ቃል በቃል ነገርኳት። ቢቀርብኝ ደስ ባለኝ። ዳኛው ቀጠሮ ሰጥተው ተነሱ፤ ጉድ የፈላው ኮሪደሩ ላይ ነው።

«ልጄ ነው? ልጄ ነው ነው ያልከው?» ሥጋ ሻጩን አንገቱ ድረስ ቀረበችው። «ልጅህ ከሆነ ሲሞት የት ነበርክ?»

«እትዬ፣ ምን ያህል እንደምንወደው ለማሳየት እኮ ነው!»

«ማን ውደዱ አላችሁ! የማን ነው ስትባሉ የሷ ነው ማለት ስንት ቃል ነው? ሹፌሩ አንዴ ነው የገደለብኝ። እናንተ በመሐላ ነው የገደላችሁብኝ! ፍቅራችሁ ገደል ይግባ!»

ሻይ ሻጯ አለቀሰች። እኔ አላባበልኳትም።

በዚያ ሰሞን እትዬ መርፌ ለሦስቱ አንዲት ቁልፍ አልተከለችላቸውም። ሥጋ ሻጩ ሱሪው ከኋላው ተቀዶ ሽርጡን በተቃራኒው አስሮ ሰነበተ። መጥቶ በሩ ላይ ሲቆም በመስታወቱ ታየዋለች፤ አይታ መስፋቷን ትቀጥላለች። «እትዬ፣ እኔ መሆኔን አላየሽም?» ሲላት «የሚነግረኝ የለም» አለችው። ሰውየው እዚያው በሩ ላይ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ብዙም አልቆዩ፤ የዳቦ ቤቱን ጠበቃ አስነሱት።

«መብራቱን ከሳሽ ትክፈል ብላችኋል። በምን ምክንያት?»

«የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ስለሆነ ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ባለቤት ናት ማለት ነው?»

ፈገግታው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠፋ። «እንደ አማራጭ ክርክር ያቀረብነው ነው።»

«ለመብራታችሁ ባለቤት አላችሁት፤ ለካሣው ባለቤት የለውም።» ዳኛው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «አንተ ተነስ። ውሻው ሲገጭ ገመድ ነበረው?»

ሹፌሩ ተነሳ። ወፍራም አንገት ያለው፣ ገና ወጣት የሚባል ሰው ነው። ዓይኑን ወደ ዳቦ ቤቱ ባለቤት ወረወረ፣ ከዚያ ወደ ወለሉ አቀረቀረና አንድ ነገር አጉረመረመ።

እትዬ መርፌ ብድግ አለች። «ቀና ብሎ ይናገር! ያን ቀን ፊቴ ላይ ነው የተናገረኝ፤ ዛሬም ፊቴ ላይ ይናገር! ከንፈሩን ልየው!»

ያስወጧታል ብዬ ፈራሁ። ዳኛው ግን እሷን ትንሽ ተመለከቱና ሹፌሩን «ወደ እሷ ዙር። ቀና ብለህ መልስ» አሉት።

ዞረ። ቀና አለ። እሷ ዓይኗን ሳታርገበግብ አፉን ታያለች። መርፌ ውስጥ ክር ስታስገባ ብቻ ነው እንዲያ ስታይ የማውቃት።

«ነበረው» አለ ሹፌሩ። «ገመዱን የያዘችው እሷ ነበረች። ከእጇ ሲመዘዝ አይቻለሁ።»

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ጠበቃው ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ።

ውሳኔው የተነበበው ከእረፍት በኋላ ነው። ዳኛው እንደ ልማዳቸው አቀርቅረው በፍጥነት ማንበብ ጀመሩ። እኔ እሰማለሁ፤ ውሻው የከሳሽ ንብረት መሆኑ ተረጋግጧል እያሉ ነው። እትዬ መርፌ ግን የምታየው የዳኛውን መላጣ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የደከመችው ለዚህች ሰዓት ነው፤ ሰዓቲቱ ደግሞ ከወረቀቱ ጋር እያለፈች ነው። እንደገና ተነሳች። ጠበቃዋ ቀሚሷን ስትጎትታት እጇን መታቻት።

«ጌታዬ! እርስዎም ቀና ይበሉ!»

አንድ ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ወረቀቱን ተዉት፣ ፊት ለፊት እያዩዋት ቃሉን አንድ በአንድ አወጡት።

«ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው።»

«ይድገሙት» አለች።

«ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው። የእርስዎ ጥፋት የለበትም።»

ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተነበበውን አላየችም፤ ዓይኗን ጨፍናው ነበር። የመብራቱ ጥያቄ ውድቅ ሆነ። ካሣው ለአንድ ተራ ቡችላ የሚሰጠው ዋጋ ብቻ ሆነ። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ በሯ፣ ስለ ባዶው ክፍል አንድም ቃል የለበትም። ሕጉ ደወልን ከወንበር ጋር መድቦታልና ወንበር በር ላይ ማን እንደቆመ የሚናገርበት አገር ካለ ይንገሩኝ። የፋብሪካው ዘበኛ ጥጡን ከጆሮዋ አስወጥቶ መቀበሉን ስትነግረኝ የተናደድኩት ንዴት እዚያ አግዳሚ ላይ እንደገና ተነሳብኝ።

ስንወጣ ሥጋ ሻጩ፣ ሻይ ሻጯና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደረጃው ሥር ቆመዋል። ሊቀርቡ ፈርተዋል። ሥጋ ሻጩ ከሩቅ ፊቱን ቀና አድርጎ፣ ከንፈሩን ከልክ በላይ እየከፈተ «ያንቺ ነው!» አለ፤ ድምፅ ሳያወጣ።

«አሁን?» አለችው። ግን ጨምራም «ሱሪህን ይዘህ ና» አለች። «ያሳፍራል።»

ሹፌሩ ከኋላችን ወረደ። ባለቤቱ ጥሎት ሄዷል። አጠገባችን ሲደርስ እርምጃውን ቀነሰና መሬት መሬቱን እያየ አንዲት ቃል ተናግሮ አለፈ። እትዬ መርፌ የአፉን መንቀሳቀስ በጎን አይታለች።

«ምን አለ፣ ጋሼ?»

እኔ ሰምቻለሁ። ቃሉ ምን እንደሆነ አንባቢም ያውቀዋል። ግን ያን ቀን «ውሻ እኮ ነው» ሲል እንዲህ አላቀረቀረም። ዳኛ ሳያዘው ቀና ማለት ያቃተውን ሰው ቃል በኔ አፍ ላደርስለት አልፈለግሁም።

«ቀና ብሎ ሲናገር ራስሽ ታይዋለሽ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። መንገዱ ጠርዝ ላይ ስንደርስ ግራ እጇ ባዶውን አየር እንደጨበጠ ቆመች፤ እኔም በግራዋ በኩል ዞሬ ቆምኩ። መኪናዎቹ አለፉ። አንዱ ያለ ምክንያት ክላክሱን ረጅም ነፋ። ዞሬ ሰደብኩት።